ናስትሮ ይበቃዋል

አዲስ አበባ ውስጥ ማለዳ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሹፌሩ ቁልፉን ሲጠመዝዝ ሚኒባሷ «እህ… እህ… እህ…» ትላለች፤ ሌሊቱን ሲያስላቸው እንዳደሩ ሽማግሌ። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይተያያል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገደኛ ያማትራል። ከዚያ የሚመጣው የታወቀ ነው። «ወንዶች፣ እስቲ አንዴ ውረዱልን!» ከረባት ያሰረውም ያላሰረውም ወርዶ ይገፋል። በዚህ አገር ስንቱ ነገር በግፊ ተነሥቷል!

ታክሲስ ይገፋል። ጀልባስ? ሐይቅ ላይ ሆኖ «እህ… እህ…» የሚል ጀልባ ማን ወርዶ ይገፋዋል? ይህ ጥያቄ ለእኔ ቀልድ አይደለም፤ የቤተሰብ ጣጣ ሆኖ ገጥሞኛል። ዛሬ የማጫውታችሁ እሱን ነው። ብዙ ዓመት ለሰው ሳልነግረው ይዤው ቆይቻለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ጥሩ ሰው ሆኜ አልወጣም።

ያደግሁት አምቦ ነው። እህቴ እስከ ዛሬ እዚያው ትኖራለች። በ2001 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ወንጪ ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባ ለማሠራት ተነሣ። ወንጪን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ። ብርዱ ጋቢ ሲያስመኛችሁ ድንገት መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል። ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ አናቱ ጎድጉዶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል። ሐይቁ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ደሴት አለች። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል አስቡት። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ ወንጪን የማያውቅ ጠፍቷል። እኔ የምላችሁ ግን ከዚያ በፊት ነው። መንገዱ ጠጠር፣ እንግዳው በፈረስ ቁልቁል የሚወርድበት፣ አብዛኛው ሰው በመቅዘፊያ የሚሻገርበት ጊዜ።

ልጆቹ ገንዘብ አልነበራቸውም። ተበደሩ። ለብድሩ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። እህቴ ደግሞ አንድ በሬዋን ሸጠች። ከስድስቱ አንዱ እዚያው ሐይቁ ዳር የተወለደ፣ አባቱ የሞተበት፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅ ነበር። የሚያዋጣው ገንዘብ ስለሌለው ድርሻውን ሌሊት ሌሊት ጀልባውን በመጠበቅ እንዲከፍል ተስማሙ። እኔም «መልካም ነው» አልኩ። የማላውቀው ነገር ላይ «መልካም ነው» ማለት ይቀናኛል።

ሞተሩን የገዛነው አዲስ አበባ ነው። ያገለገለ፣ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ከጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሠራ፣ በባትሪ የሚነሣ። ገበያ እኔ ወጣሁ፤ መርካቶ መከራከር እችላለሁ ባይ ነኝ። ሞተሩ ጀልባው ላይ ሲታሰር ግን አንድ ችግር መጣ። ሞተሩና ባትሪው አንድ ላይ ከኋላ ሲሆኑ የጀልባው ጭራ ውሃ ውስጥ ሰመጥ፣ አፍንጫው ቀና አለ። ስለዚህ ባትሪው ወደ ፊት፣ ከመቀመጫው ሥር ይሂድ ተባለ። ያኔ ገመዱ አጠረ። የባትሪ ገመድ ደግሞ እንደ ጣት የወፈረ መዳብ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ዋጋውን ስጠይቅ ደነገጥኩ። «ለገመድ ይህን ያህል?» ብዬ ተመለስኩና ከአሮጌ መኪና የተፈታ፣ ከመጀመሪያው የሳሳ ገመድ በርካሽ አገኘሁ። ከነባሩ ጋር ጠምዝዘን ቀጠልነው። የእህቴ ልጅ መጋጠሚያውን አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ይይዛል?» አለኝ።

«ናስትሮ ይበቃዋል!» አልኩት። ጥቁር ናስትሮ ጠቀለልንበት። አማረበት።

እውነትም ያዘ። ከመስቀል ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ጀልባዋ ስትመላለስ ከረመች። ልጆቹ ከዕዳቸው መክፈል ጀመሩ። እህቴ በሬዋን ረሳች። እኔም በየሄድኩበት «ወጣቱ ሥራ አይወድም የሚለው ማነው?» እያልኩ አወራሁ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ሞተሩ እምቢ አለን።»

«ምን ይላል?»

«እህ… እህ… ይላል። ቀስ ብሎ ይዞራል። አይነሣም።»

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚህ አገር ሞተር ሲበላሽና ሰው ሲታመም ሁሉም ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ በስልክ ድምፁን አሰምተነው «ሞተሪኖው ተቃጥሏል፣ ቀይሩት» አለ። ሌላው «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» አለ። ሦስተኛው «ባትሪ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ማለ። ልጆቹ ባትሪውን በፈረስ ጭነው ከሐይቁ አወጡት፤ አምቦ ወስደው አስሞልተው መለሱት። አንድ ቀን ሠራ። በማግሥቱ ጠዋት ያው «እህ… እህ…» ሆነ። እንደገና ጫኑት፣ እንደገና አስሞሉት፣ እንደገና እምቢ አለ። ጥምቀት እየደረሰ ነው። ከጥምቀት አራት ቀን በኋላ ጥር 15 ቂርቆስ ነው። ደሴቷ በዓመት አንዴ በሰው የምትሞላበት ቀን ነው፤ የዚያን ቀን ገቢ የሁለት ወር ዕዳ ይከፍላል።

በዚህ መሐል ነው እኔ አንዲት ጥያቄ የጠየቅሁት። ጥያቄ ብቻ ናት። በስልክ፣ ለእህቴ ልጅ።

«ማታ ማታ ከጀልባው ጋር የሚያድረው ማነው?»

ዝም አለ።

«ባትሪው የገዛነው ባትሪ ለመሆኑ አይታችኋል? ሌሊት በአሮጌ ተቀይሮስ ቢሆን?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። «ሰረቀ» አላልኩም። ስሙንም አልጠራሁም። ግን የዋስ፣ የአጎት፣ የአዲስ አበባ ሰው ጥያቄ ጠጠር መንገዱን ወጥቶ ሐይቁ ዳር እስኪደርስ ድረስ ፍርድ ሆኗል። አንዱ ልጅ «ለካ እሱ ሰሞኑን አዲስ ቦቲ ጫማ አድርጓል» አለ። ሌላው «ባለፈው ቅዳሜ አምቦ ገበያ አይቼዋለሁ» አለ። አለቀ። ጥር 12 አምቦ ስገባ ጠባቂው ልጅ ከማኅበሩ ወጥቷል። አልተከራከረም አሉኝ። ቁልፉን አስቀምጦ ወደ እናቱ ቤት ሄደ።

«ያልተከራከረውማ ስላደረገው ነው» አልኩ። ይህንንም እኔ ነኝ ያልኩት።

እህቴ ግን ነገሩ አልጣማትም። «እስቲ ከመክሰሳችሁ በፊት ለአባባ አሳዩአቸው» አለች። አባባ የምትላቸው ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን በኤን ትሬ የጭነት መኪና ሥር ተኝተው የጨረሱ ሰው። በአምስት ዓመቱ ወረራ ጣሊያን ብዙ ነገር አበላሽቶ ሄዷል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ቋንቋውን ጥሎ ሄደ። ሞተሪኖው፣ ካንዴላው፣ ካምቢዮው፣ ካቻቢቴው፣ ናስትሮው ሁሉ የሱ ነው። አባባ አማርኛቸው ኦሮምኛ አለበት፣ ኦሮምኛቸው ጣሊያንኛ አለበት።

«የጀልባ ሞተር ሠርተው ያውቃሉ ወይ?» አልኳቸው።

«ጀልባ ተሳፍሬም አላውቅም» አሉ። «ሞተር ግን ሞተር ነው። እሺ፣ እንዴት ነው እምቢ የሚለው?»

«አይነሣም።»

«አይነሣም ማለት አይበቃም። እምቢታ ሦስት ዓይነት ነው» ብለው ጣታቸውን አወጡ። «አንዱ በፍጥነት ይዞራል፣ ግን አይነሣም። እሱ ቤንዚን ወይ እሳት አጥቷል። ሌላው ‹ቀጭ› ብሎ ዝም ይላል። ሦስተኛው ቀስ እያለ ይዞራል፣ ያቃስታል። እሱ ወይ የሚዞረው ነገር ከብዶታል፣ ወይ የተላከለት ጉልበት መንገድ ላይ ቀርቷል።»

«የኛው ሦስተኛው ነው።»

«እንግዲያው መንገዱን ሳናይ ሞተሪኖ አንገዛም» አሉ።

በማግሥቱ ይዘናቸው ወጣን። አንድ አሮጌ ቴስተር፣ አንድ የመኪና አምፖል፣ ጥቂት ቁልፎች፣ ሁለት ጠርሙስ አምቦ ውሃ። ውሃውን ለመንገድ መስሎኝ ነበር። ቁልቁለቱን በፈረስ ወረድን። ልጆቹ ዳር ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁናል። አራት ናቸው፣ ከእህቴ ልጅ ጋር አምስት።

አባባ መጀመሪያ ምንም አልነኩም። «አስነሣው» አሉ። «እህ… እህ… እህ…»። «ይብቃ።» ከዚያ ካንዴላዎቹን አስፈትተው የሞተሩን አናት በእጃቸው አዞሩት፤ ያለ ችግር ዞረ። «ውስጡ አልተጣበቀም፣ አልከበደውም» አሉ። ካንዴላዎቹን መልሰው ገመድ ሞተሩ አናት ላይ ጠምጥመው ለእህቴ ልጅ ሰጡት። «ሳብ! በኃይል!» ሳበ። አንዴ እምቢ አለ። በሁለተኛው ሞተሩ ተነሣ።

ልጆቹ ጮኹ። አባባ ግን አጠፉት።

«ቤንዚኑ ደኅና ነው። እሳቱ ደኅና ነው። ይሄ ሞተር እሳቱን የሚያመነጨው በሚዞረው ማግኔት ነው፤ ቀስ ካለ እሳቱም ይደክማል። ስለዚህ ሞተሩ እምቢ አላለም፤ በደንብ የሚያዞረው አጣ እንጂ።»

«እንግዲያው ባትሪው ነዋ!» አልኩ። ድምፄ ውስጥ ደስታ ነበረበት። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

«እናያለን» አሉ። አምፖሏን ባትሪው ላይ በቀጥታ አሰሩ። በራች። «አሁን አስነሣ።» ሞተሩ ያቃስታል፣ አምፖሏ ግን እንደበራች ናት፤ ትንሽ ደብዘዝ ብላ እንደገና ደመቀች። ባትሪ ደካማ ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖው ሲጎትተው ብርሃኗ ቀልቶ ሊጠፋ ይደርስ ነበር። ከዚያ ቴስተሩን አወጡ። ባትሪው ላይ፣ ሥራ ሳይኖርበት 12.5 ቮልት። ሲያስነሡ 11.4። ቴስተሩን ወደ ኋላ ወስደው ሞተሪኖው ላይ አደረጉት። ሲያስነሡ 8።

«እዚህ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ ይነሣል፣ እዚያ ስምንት ይደርሳል» አሉ አባባ። «ሦስቱን ማን በላው?»

ማንም አልመለሰም።

«ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የባሰባችሁ፣ ለዚህ ነው ሲሞላ አንድ ቀን የሠራው። ግን ይሄ ባትሪ ምንም አልሆነም። አዲስ ነው።» ቀና ብለው ልጆቹን አዩአቸው። «ማነው ተቀየረ ያለው?»

የሐይቁን ውሃ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው።

አባባ እጃቸውን ገመዱ ላይ አድርገው ከባትሪው ጀምረው ወደ ኋላ እየዳሰሱ ሄዱ። መሐል ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ብድግ አደረጉ። «ንካው እስቲ» አሉኝ። ነካሁት። ይፋጃል። ሌላው ገመድ በረዶ ነው፣ እዚያ ጋ ብቻ ይፋጃል። በጩቤ ናስትሮውን ቀደዱት። ከላይ ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ ያማረ። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ውሃ ገብቶ መዳቡን በልቶታል። የቀረው ጥቂት ክር ነው፤ እሱም የሳሳ ገመድ።

«ይሄን ማን አሰረው?»

ልጆቹ አንዳቸውም አልተነፈሱም። የእህቴ ልጅ ጫማውን ያያል። ምንም ባልናገር እንደማያጋልጠኝ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ነው የበለጠ የከበደኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አባባ አልተቆጡም። «ናስትሮ ገመድ ይሸፍናል እንጂ ገመድ አይሆንም» ብቻ አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

መፍትሔው ሳንቲም አላስወጣም። የሳሳውን ገመድ ጣሉት። ባትሪውን ወደ ኋላ መልሰው በነባሩ አጭርና ወፍራም ገመድ አሰሩት። ለሚዛኑ ደግሞ ጀልባው አፍንጫ ላይ ከዳር የታፈሰ አሸዋ በጆንያ አስቀመጡ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ነበረ። አንዱን አምቦ ውሃ ከፍተው ቀስ እያሉ አፈሰሱበት፤ ተንተከተከና ቅርፊቱ ለቀቀ። «የባትሪ አሲድ ነው ይሄን የሚያበቅለው» አሉ። «አምቦ ውስጥ ደግሞ እንደ ሶዳ ያለ ቅመም አለ፤ አሲዱን ይገድለዋል።» ከ1920ዎቹ ጀምሮ እየታሸገ ጨጓራችንን ሲያክም የኖረው ውሃችን ባትሪም እንደሚያክም ያን ቀን አየሁ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ጠጡት።

«አስነሣ።»

ቁልፉ ገና ሲዞር ተነሣ። ከገደሉ ላይ ድምፁ ተመልሶ መጣ። ሁሉም ሳቀ፣ ተቃቀፈ፣ «ገለቶማ አባባ!» ተባለ። ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው። የተናገሩት ግን አባባ ናቸው።

«ኢጆሌ፣ ልጁስ?»

የእናቱ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፣ ከኋላው እንሰት አለ። ሁላችንም ሄድን። እናቲቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቡና አቀረቡ፣ ማር አቀረቡ። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቦቲ ጫማው ደጃፉ ላይ ነው። እናቱ በማር ገንዘብ የገዙለት ነው፤ ሌሊት ውሃ ዳር ስለሚያድር። ይህን የሰማሁት ሳልጠይቅ ነው።

ይቅርታ መጠየቅ እንደማወራው ቀላል አይደለም። በተለይ የልጅህ እኩያ የሆነን ልጅ። «ተሳስቼ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «በቀጥታ ስምህን አልጠራሁም፤ ብቻ…» አልኩና «ብቻ» የምትለዋን ቃል ራሴው ሰማኋት። እሷም ናስትሮ ናት። ተውኳት። «በደልኩህ» አልኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ አሳይዎ ነበር» አለ። «ሌሊት ጤዛ ሲወርድበት ናስትሮው ሲላቀቅ አያለሁ። ሲያስነሡ እሱ ጋ ሲግል በእጄ ነክቻለሁ። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ።»

ወደ እህቴ ልጅ ዞርኩ። ፊቱ ቀላ።

«ነግሮን ነበር» አለ። «ጋሼ ያስሠሩት ነው፣ አይነካም ብለን ተውነው።»

ልብ በሉልኝ። አምስት ልጆች ናቸው። ገመዱ እንደሚግል ተነግሯቸዋል። ባትሪ በፈረስ ተሸክመው ከሐይቅ አምቦ ሦስቴ ተመላልሰዋል። ጓደኛቸውን አባርረዋል። ይህን ሁሉ ማድረግ፣ የትልቅ ሰው ናስትሮ ከመፍታት ቀለላቸው። ባለጌ ስለሆኑ ቢሆን ደግ ነበር፤ የተቀጡ ልጆች ስለሆኑ ነው። አሳዳጊዎቹ ደግሞ እኛው ነን። በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን አንድ ነገር ሲያቃስት አዲስ ሞተሪኖ እናዝዛለን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ያለውን ሠራተኛ እንጠረጥራለን። ትኩሱን ቦታ በእጁ የነካው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያው ሌሊት የሚያድረው ነው።

ቂርቆስ በሰላም ዋለ። ልጁ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ምእመናን አሻገረ። ማታ ላይ ግን ወደ ማኅበሩ እንደማይመለስ ተናገረ። ማንንም አልዘለፈም። የሠራበትን ድርሻ ብቻ ጠየቀ። ከኪሴ ከፈልኩ፤ ከወፍራሙ ገመድ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። «ይቅር ብየዎታለሁ፣ ግን ሌሊት ከዚያ ጀልባ ጋር ማደር ከእንግዲህ አልችልም» አለኝ። ይቅርታ ተገኘ ማለት ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አባባ አምቦ ይዘውት ወረዱ፤ አጠገባቸው አድርገው ሥራ አስተማሩት።

ዓመታት አለፉ። አባባ አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። ጀልባዋም ተሸጣ ዕዳው ተከፍሏል። ባለፈው ዓመት ከጌዶ ወደ አምቦ ስመለስ መኪናዬ ጠዋት «እህ… እህ…» አለች። ጋራዥ ጠይቄ ስደርስ ከመኪና ሥር ተንሸራትቶ የወጣው ጎልማሳ ያ ልጅ ነው። አቅፎ ሳመኝ። ስለ እናቱ፣ ስለ እህቴ ተጠያየቅን። ኮፈኑን ከፈተና ቴስተሩን ሳያወጣ፣ እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ከባትሪው ጀምሮ ቀስ እያለ ዳሰሰ።

አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጥቁር ናስትሮ ነበረ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ አይደለሁም!» አልኩት ቶሎ ብዬ።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ መንገዱን ሙሉ፣ የሠራውን መካኒክ ልውቀስ ስል፣ ሲሠራው አጠገቡ ቆሜ «ፍጠን፣ እሱ ይበቃዋል» ያልኩት ማን እንደነበር ትዝ እያለኝ መጣሁ።